የማክሲመስ ጀልባ ለምን ወደ ቀኝ ይጎትታል

ማክሲመስ በዚህ ዓለም ከናቃቸው ነገሮች ሁሉ የፋይበር ጀልባን የሚያህል አልነበረም። ተቀናቃኙን ዓሣ አጥማጅ ቦኒፋስን ይንቃል፤ የቦኒፋስን ውሻ ይንቃል፤ ከኔጎምቦ ሐይቅ ማዶ የሚኖረውን ሕዝብ በሙሉ፣ ገና ያልተወለደውን ጭምር፣ ይንቃል። የፋይበር ጀልባ ግን ከነዚህ ሁሉ በታች ነው። «ሳፋ ነው» ይላል። «የልብስ ማጠቢያ ሳፋ። ሳፋ እንኳ ቢያንስ የሚንጠለጠልበት ጆሮ አለው።»

ይኸው አሁን እሱም የሳፋ ባለቤት ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ ያጠመደባት የእንጨት ታንኳው፣ ያቺ ከግራ ጎኗ ራቅ ብሎ የሚንሳፈፍ ግንድ በሁለት ቆልማማ እንጨት የታሰረላት፣ ትል በልቷት ወንፊት ሆና ሰመጠች። እሱ ሲያወራው ግን ዓሣ ነባሪ ነው የነከሳት፤ ዓሣ ነባሪውም አንድ ጥርሱን ጥሎ እያለቀሰ ሄደ። እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ አንዱ ያቋርጠዋል። «ጥርሱ የታለ?» ይለዋል። ማክሲመስ ወሬውን እስከ መጨረሻው ያወራበት ቀን የለም።

የታንኳዋን ሞተር ከመስመጧ በፊት ፈትቶ አውጥቶት ስለነበር አዲሱ ጀልባ ኋላ ላይ አሰረው። ጉዱ የጀመረው ያኔ ነው። ጀልባው ወደ ቀኝ ይጎትታል። የመሪውን እጀታ ለማስነጠስ ያህል ቢለቅ፣ የጀልባው አፍንጫ የጎረቤት ጎመን እንዳየ በሬ ወደ ቀኝ ይዞራል።

በሌላ ወር ቢሆን ሰው ስቆ ይተወው ነበር። ነገር ግን የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ደርሷል። በበዓሉ የቅዱሱ ምስል በአንድ ሰው ጀልባ ተጭኖ ሐይቁን ይዞራል፤ የቀረው ጀልባ ሁሉ ይከተላል። ቅዱሱን የጫነ ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በዓሣ ገበያው ሲናገር አይቋረጥም። ሕጉ የተጻፈ አይደለም፤ የሚጥሰው ግን የለም። ያለፉትን ዓመታት ቅዱሱን የጫነው ቦኒፋስ ነው፤ ማክሲመስም አፉን ዘግቶ የቦኒፋስን ወሬ ሲያዳምጥ ኖሯል። ዘንድሮ ተራው የሱ ነው።

የደብሩ ቄስ አባ አንሰልም ግን የጀልባውን ነገር ሰምተዋል። «ቅዳሜ አብሬህ እሳፈራለሁ» አሉት። «ከሐይቁ ዳር ደረጃችን ተነስተህ ውሃው መሀል እስከቆመው መስቀል ቀጥ ብለህ ከሄድክ፣ ቅዱሱ ያንተ ነው። አለዚያ ለቦኒፋስ። ቅዱስ ጴጥሮስ ራሱ ዓሣ አጥማጅ ነበር ልጄ፤ ክብ የሚዞር ጀልባ አይወድም።»

ማክሲመስ ምርመራውን የጀመረው ከሚስቱ ነው። ጃሲንታን በቀኝ አስቀመጣት፤ ጎተተ። በግራ አስቀመጣት፤ ጎተተ። ከጀልባው አውርዶ ውሃ ውስጥ አቆማት፤ ያም አልረዳም። ቀጥሎ ሞተሩን ወደ ግራ ገፋ፣ ወደ ቀኝ መለሰ፣ ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ። ፕሮፔለሩ ላይ የመረብ ገመድ ተጠምጥሞ እንደሆነ ጎረጎረ፤ ያገኘው አንድ ክር ነው፣ ያውም የራሱ ሽርጥ ክር።

ከዚያ በኋላ ፍርዱን ሰጠ፦ የቦኒፋስ አፍ ነው። ጀልባው የመጣ ዕለት ቦኒፋስ ደረጃው ላይ ቆሞ «ቆንጆ ጀልባ ነው፣ አይያ» ብሎት ነበር። አይያ ማለት ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው፤ ቦኒፋስ ሲለው ግን የዓሣ ሆድ እንደሚቀድ ሰው ነው። የሱ ሙገሳ ደግሞ መርዝ ነው። አንድ ጊዜ የኮኮናት ዛፍ አሞግሶ፣ ዛፉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረቀ፤ አናቱ ላይ የነበረውም ሰውዬ አብሮ ደረቀ፤ እስካሁን ንፋስ ሲነፍስ ይንኳኳል። ማክሲመስ ይህን ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ በሙሉ ተናገረ። ከጀልባው አፍንጫ ላይም ክፉ አፍ እንዲመልስለት ሎሚና ቃሪያ በክር ሰክቶ ሰቀለ።

ጃሲንታ ግቢው ውስጥ ዓሣ እያሰጣች ታየው ነበር። ሞተሩ አጠገቧ እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሎሚውን የሰቀልከው አፍንጫው ላይ ነው» አለችው። «የሚጎትተው ጅራቱ።»

«አንቺ ዓሣሽን ገልብጪ።»

«ገለበጥኩ። ይቺ ክንፍ ለምን ጠመመች?»

ከፕሮፔለሩ በላይ፣ ወደ ኋላ፣ ምላስ የምታህል የብረት ክንፍ ነበረች። ጅራቷ ወደ ግራ ዞሯል።

«ድሮም እንደዚያው ናት።»

«ሞተሩ ሲገዛ ቀጥ ያለች ነበረች። የታንኳዋን ግንድ ውሃው እየያዘው ወደ ግራ ሲጎትትህ፣ ጅራቷን ወደ ግራ ያዞርካት አንተ ነህ። እኔ ነኝ ፋኖሱን የያዝኩልህ። ውሃው ክንፏን ይገፋል፣ ሞተሩ ጀልባውን ወደ ቀኝ ይመልሳል፣ ከግንዱ ጋር ሲጓተቱ እኩል ይወጣሉ። አሁን ግንዱ የት አለ?»

ማክሲመስ ክንፏን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ሞተሩ እኮ ሚስቱ ታንኳዋ እንደሞተች የነገረው ሰው የለም» አለች ጃሲንታ። «ዛሬም ይጣላታል። መፍቻው ከማድጋው ሥር ነው፤ ጅራቷን ወደ ቀኝ መልስና እንገላገል።»

እውነቷን ነበር፤ ያናደደውም ይኸው ነው። ክንፏን ካቀና ሰው ሁሉ ማን እንዳጠመማት ይጠይቃል። የቦኒፋስ አፍ ነው ብሎ ለደብሩ ሁሉ የተናገረ ሰው ምን ሊል ነው?

«አልነካትም» አለ። «በክንዴ እይዘዋለሁ። ይሄ ክንድ ሻርክ በጅራቱ ይዞ ኮሎምቦ ድረስ በእግሩ አስኪዷል።»

«ያ ሻርክ ምን አጠፋ?» አለችና ወደ ዓሣዋ ዞረች።

ቅዳሜ ደረጃው በሰው ሞላ። አባ አንሰልም ቀሚሳቸውን ሰብስበው መሀል ተቀመጡ፤ ጃሲንታ ከፊት ተቀመጠች። ቦኒፋስም ለምስክርነት ብሎ በራሱ ጀልባ ጎን ለጎን መጣ፤ በአንድ ጣቱ እየነዳ፣ በሌላው እጁ ሙዝ ይበላል።

መጀመሪያ ላይ ማክሲመስ እጀታውን በአንድ እጁ ያዘ። ቀጥሎ በሁለት። ቀጥሎ ጉልበቱን ጨመረበት። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«ማክሲመስ» አሉ አባ፣ «ስለምን ተንበርክከህ ትነዳለህ?»

«ለቅዱሱ ክብር ነው፣ አባ።»

«አይያ፣ ልርዳህ?» አለ ቦኒፋስ፣ የሙዙን ልጣጭ ወደ ውሃው እየጣለ።

ግማሽ መንገድ ሲደርሱ ክንዱ ከዳው። ጀልባው ከእስር እንደተለቀቀ ውሻ ወደ ቀኝ ተፈተለከ፤ ውሃው ውስጥ ቦኒፋስ በካስማ የተከለው የሽሪምፕ ማጥመጃ መረብ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ከደረጃው የተነሳው ሳቅ ውሃውን ተሻግሮ መጣ።

«ምንም አይደል» አለ ቦኒፋስ። «መረብ ይሰፋል። አባ፣ ወደኔ ይሻገሩ። መቀመጫው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ ነው የመጣሁት።»

አባ ተነሱ። ማክሲመስ የሚመጣው ዓመት ወለል ብሎ ታየው፦ ቦኒፋስ ሳይቋረጥ ሲናገር። ያ ቦኒፋስ ደግሞ የያዘው ዓሣ ስንት እንደሚመዝን ሲያወራ፣ ልክ የመዘነውን የሚናገር ሰው ነው። ግራም አይጨምርም። የዚህን ዓይነት ወሬ ሌላ አንድ ዓመት ከማዳመጥ በሕዝብ ፊት መዋረድ ይሻላል።

«ይቀመጡ፣ አባ» አለና ሞተሩን ከውሃው ገልብጦ አወጣ። ከሽርጡ ውስጥ መፍቻ መዘዘ። ከጠዋት ጀምሮ ወገቡ ላይ ነበር። ጃሲንታ አየችው።

ቦኒፋስ ጀልባውን አስጠግቶ አንገቱን አሰገገ። «ክንፏ ጠማማ ናት እንዴ?»

«ናት።»

«ማን አጠመማት?»

ብሎኑ ጠንክሮ ነበር፤ ማክሲመስ ትንሽ ታገለው። «እኔ» አለ።

«ታዲያ የኔ አፍ?»

«አፍህ አሁንም ይሸታል። ጀልባውን ግን አልነካም።»

ጅራቷን ወደ ቀኝ መልሶ አጠበቀና ሞተሩን አስነሳ። ከመረቡ ወደ ኋላ ወጥተው አፍንጫውን ወደ መስቀሉ ካቀና በኋላ እጀታውን ለቀቀ። ጀልባው በክር እንደተሳበ ሄደ። ማክሲመስ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ቦኒፋስን ላለማየት ሰማዩን እያየ፣ መስቀሉ ሥር ደረሰ።

«ዘግይተህም ቢሆን ቀጥ ብለሃል፤ ቅዱሱ ያንተ ነው» አሉ አባ። «ሰኞ ግን መጥተህ ትናዘዛለህ።»

በበዓሉ ቅዱሱን ጫነ፤ ጀልባው አንዲት ክንድ እንኳ ወደ ቀኝ አላደላም። በማግስቱም ገበያው መሀል የዓሣ ሣጥን ላይ ቆሞ፣ ሐይቁ መሀል ቅዱስ ጴጥሮስ በጆሮው ያንሾካሾከለትን ምስጢር ማውራት ጀመረ። ማንም አላቋረጠውም። ሕግ ሕግ ነው። ነገር ግን ቦኒፋስ ከፊት ቆሞ፣ ፍጹም በሆነ አክብሮት፣ ትንሿን ጣቱን አነሳና እንደ ክንፏ ወደ ግራ አጠፋት። ከጎኑ ያለውም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ዓሣ ሻጮቹ፣ ገዢዎቹ፣ በረዶ ተሸካሚዎቹ፤ ገበያው በሙሉ በጸጥታ ትንሿን ጣቱን ወደ ግራ አጥፎ አዳመጠው።

ማክሲመስ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው፤ ከነጣታቸው ናቃቸው፤ ወሬውንም እስከ መጨረሻው አወራው።