ጨዋነሽ ለእንግዳ ስትነሳ

የእትዬ ማንጠግቦሽ ቤት እንግዳ ሲገባ ብድግ ማለት የጀመረው በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን የተነሳው አራት ጣት ያህል ብቻ ስለነበር ከባለቤታቸው ከአቶ ይልቃል በቀር ልብ ያለ ሰው የለም። አቶ ይልቃል ሠላሳ ዓመት በቀያሽነት የሠሩ ሰው ናቸው። ሜትራቸውን አወጡና ከመሠረቱ ድንጋይ እስከ ግድግዳው ግርጌ ለክተው «ሰባት ሳንቲም» አሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ እንግዳ እያስተናገዱ ነበርና «ቆይ አሁን፣ ሰው አለ» አሏቸው።

ከቤቱ በፊት ግን መነሳት የጀመረችው ጥንቸሏ ናት። ልጃቸው ቤዛዊት አግብታ ደሴን ለቃ ጅማ ስትገባ ጥላባቸው የሄደቻት፣ አመድማ፣ ጆሮዋ ከፊቷ የሚረዝም ጥንቸል ናት። እትዬ ማንጠግቦሽ መጀመሪያ አልወደዷትም። አትበላ፣ አትታለብ፣ እንቁላል አትጥል፤ ምን ልታደርግልኝ ነው እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ግን ጥንቸሏ በሁለት እግሯ ቆመች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ሰብስባ፣ አንገቷን አቅንታ፣ ጸጥ ብላ ቆመች። እትዬ ማንጠግቦሽ ሳያስቡት «በእግዚአብሔር! ኧረ ተቀመጪ ልጄ!» አሉ፤ ዘንቢላቸውን እንደያዙም እንባቸው መጣ።

ምን ያስለቅሳል የሚል ሰው ካለ፣ ቤዛዊት ከሄደች ወዲህ እሳቸው ሲገቡ ኖር ብሎ የሚነሳላቸው ሰው እንዳልነበረ ይወቅ። አቶ ይልቃል እንደሆኑ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ተቀምጠው ነው የሚስቁላቸው። ስለዚህ ጥንቸሏ የዚያኑ ዕለት ጨዋነሽ ተባለች። የዶሮ ሽቦ ቤት ተገዛላት፤ ወለሉም፣ ጣራውም፣ አራቱም ጎኑ ሽቦ ነው። ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ እንግዳ ሳይከበር እንዳያልፍ።

ከዚያማ ሰው ጎረፈ። ጥንቸል ርኩስ ነው ብለው ደጃፉን የማይረግጡት ሁሉ መጥተው «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጪ እመቤቴ» ብለው ሄዱ። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ አመጡ፤ «እዩ፣ ከእሷ ተማሩ!»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ የጥንቸል ጅራት አጭር ስለሆነ ጉዱም ቶሎ መጣ። ቤቱ በየእንግዳው እየተነሳ፣ እንግዳው ሲሄድ እየተቀመጠ ከረመ። በኅዳር መግቢያ ላይ ከፍታው ሰማንያ ሳንቲም ስለደረሰ መሰላል ተሠራ። ጎረቤታቸው ሀጂ እንድሪስ ከታች ቆመው እትዬ ማንጠግቦሽን ጠየቁ።

«ቤታችሁ ተነሳ?»

«ተነሳ፣ ሀጂ።»

«ለማን?»

«ለእርስዎ ነዋ!»

«በአላህ! ኧረ ይቀመጥ፣ ይቀመጥ» አሉ ሀጂ፣ ነጠላ ጫማቸውን እያስተካከሉ። ቤቱ አልተቀመጠም።

እሑድ የሚካኤል ማኅበር ተራ የእትዬ ማንጠግቦሽ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው በመሰላሉ ወጣ። አሥራ ሁለት ጊዜ «በእግዚአብሔር» ተባለ። ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ፣ መርቆ ሲወርድ ጨዋነሽ እንደቆመች ቀረች። ቤቱም እንደቆመ ቀረ። ጎመን ቢሰጧት አላየችውም። ካሮት ቢሰጧት አላሸተተችውም። ሰኞ ረፋድ ላይ አቶ ይልቃል የሽቦውን ሥር አይተው «በጠጥ የለም» አሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ የዚያን ጊዜ ነው ቤቱን የረሱት። ይቺ ከሞተችብኝ ምን ይውጠኛል ብለው የእንስሳት ሐኪሟን ፈትያን አስጠሩ።

ፈትያ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ መሰላሉን ወጣች።

«ስንት ደረሰ?» አለች።

«አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት» አሉ አቶ ይልቃል።

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ጥንቸሏ ዞረች። ሆዷን ዳሰሰች፤ የእግሯን መዳፍ ገልብጣ አየች። ሽቦው ልጦታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልበላችው?»

«ከትናንት ማኅበር ጀምሮ። ጨዋ ስለሆነች እኮ ነው ልጄ፤ ሰው ቆሞ እንዴት ትቀመጥ!»

«እትዬ፣ ጥንቸል ለክብር አትነሳም። የምትነሳው ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣ ለማየት ነው። ፈርታ ነው።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ሳቡ። «እኔንም?»

«በዚህ በር የሚገባውን ሁሉ። በኋላ እግሯ ወለሉን ትመታ አልነበር?»

«ትመታለች። ግቡ፣ ግቡ የምትል መስሎኝ።»

«ሽሹ ማለቷ ነው።»

እትዬ ማንጠግቦሽ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ስድስት ወር ሙሉ የፈራቻቸውን ፍጡር አከበረችኝ እያሉ ሲኮሩ መክረማቸውን አሰቡ። አፈሩ። ከሐፍረቱ ሐዘኑ ባሰባቸው። «ታዲያ ንገሪኝ፣ ምን ላድርግላት?» አሉ።

«እስከ ነገ ጠዋት መብላት አለባት። የጥንቸል አንጀት አንዴ ከቆመ ማስኬዱ ይቸግራል። ይሄን ሽቦ አውጡት። ጓዳ፣ አልጋው ሥር፣ ጨለም ያለ ቦታ ስጧት። ካርቶን አድርጉላት፤ ግን ሁለት በር ይኑረው። አንድ በር ያለው ቤት ለጥንቸል ወጥመድ ነው። ድርቆሽ ይከመርላት። ሦስት ጊዜ የምትዘልበት ሜዳ ይኑራት። ከላይ እጅ አትስደዱባት፤ ለእሷ ከላይ የሚመጣ ሁሉ ጭልፊት ነው። እንግዳ ደግሞ ይቅር።»

«እንግዳ ይቅር?»

«ይቅር።»

አቶ ይልቃል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቤቱስ?»

«እኔ የቤት ሐኪም አይደለሁም» አለች ፈትያ፣ መሰላሉን እየወረደች። «ግን እሱም አንድ በር ብቻ ነው ያለው።»

አቶ ይልቃል የሚያማቸውን ጉልበት ረስተው ሥራ ጀመሩ። የጥንቸል ሦስት ዝላይ ሁለት ሜትር ከአሥር መሆኑን አስልተው ጓዳውን በጠመኔ ቀየሱ። ካርቶኑን በቢላ፣ የጓዳውን የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ቤቱም ሁለት በር እንዲኖረው ወደ ውጭ በመጥረቢያ በሱት። እትዬ ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆሙ፤ በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። የመጣውን እንግዳ ሁሉ ከመሰላሉ ሥር መለሱ።

«ዛሬ ሰው አንቀበልም።»

«አመማችሁ እንዴ?»

«አላመመንም። አንቀበልም።»

ማንጠግቦሽ ሰው ጠላች፣ ቤቷ ከፍ ሲል እሷም ከፍ ከፍ አለች ተባለ። ይባል! ጓዳ ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በእግዚአብሔርም አላሉ፣ ተቀመጪም አላሉ። ከኋላቸው ካርቶኑ ኮሽ ይላል፣ ይቆማል፣ ኮሽ ይላል። አልዞሩም።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ማንጠግቦሽ ቁርስ አቅርበው ጎንበስ ብለው ወደ ጓዳ ሲገቡ ጨዋነሽ በጎኗ ወድቃለች። አራት እግሯ ተዘርግቷል። ዐይኗ ተከፍቶ ቀርቷል። ጆሮዋ ወለሉ ላይ ተነጥፏል።

«ይልቃል! ሞተችብኝ! እኔን ይድፋኝ፣ ገደልኳት!»

አቶ ይልቃል እያነከሱ መጡ። ተንበርክከው መጀመሪያ ድርቆሹን አዩ፤ ግማሹ የለም። ካርቶኑን አዩ፤ በጠጡ ዙሪያውን ፈስሷል። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ጥንቸሏ አስጠጉ።

«ጥርሷን ታፋጫለች» አሉ። «ቀስ አድርጋ፣ እንደ ተመቻት ድመት።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ተጠጉ። ጨዋነሽ ዐይኗን ወደ እሳቸው አዞረች። አየቻቸው። እሳቸው መሆናቸውን በደንብ አየችና አንድ እግሯን አርዝማ ይበልጥ ተዘረጋች።

«አልተነሳችልኝም» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

«አልተነሳችም።»

«አይታኝ እኮ ነው! አይታኝ አልተነሳችልኝም!» ሳቃቸውና እንባቸው አንድ ላይ መጣ። «እሰይ! እሰይ የኔ ባለጌ! ተኚ፣ ማንም እንዳይቀሰቅስሽ!» ስድስት ወር የተሸከሙት የሚመስል ሸክም ከትከሻቸው ወረደ፤ እሳቸውም እዚያው ወለሉ ላይ ጋደም አሉ። አቶ ይልቃል የሚስታቸውን እግር በጋቢ ሸፈኑ።

ቤቱ ወደ መሠረቱ የወረደው ያን ጊዜ ነው። ድንጋዩን ሲነካ ድምፅ አላሰማም። ትንሽ ቆየና በግራ ጎኑ ቀስ ብሎ ጋደለ። አልጋው ተንሸራተተ፤ ጠረጴዛው፣ የሽቦው ቤት፣ የቁርሱ ትሪ ተከታትለው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ሁለቱ ባልና ሚስት ከነጋቢያቸው ግድግዳው ላይ ተጋደሙ፤ ጨዋነሽም በመካከላቸው።

«ዘጠና ዲግሪ» አሉ አቶ ይልቃል።

«ተወው፣ ይተኛ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

የጠዋቷ ፀሐይ ጦሳ ተራራን ስታበራ መንገደኛው በዚያ ያልፍ ነበር። ቤቱ በጎኑ ተጋድሟል። የቆርቆሮ ጣራው በዝግታ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። ሁለቱ መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ አይርገበገቡም። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በመንገዱ ማዶ፣ በባዶ እግሩ ነበር የሚያልፈው።