ደጋሚው

በያጁ ከወንበሩ ሊነሣ ሲል ሚስቱ የኮቱን ጫፍ ጨምድዳ ያዘችው።

"ተቀመጥ" አለችው በሹክሹክታ፣ ዓይኗን ከመድረኩ ላይ ሳታነሣ።

ሰባኪው ጌታን መቀበል የሚፈልግ ሁሉ ወደ ፊት እንዲወጣ እየጋበዘ ነበር። ሁለት ወጣቶችና አንዲት አሮጊት ወጥተው ቆመዋል። በያጁ ለዚህ ግብዣ እንግዳ አይደለም። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ወጥቷል። የመጀመሪያው ስምንት ወር ከመጠጥ ጠበቀው፤ ሁለተኛው ሰባት ሳምንት፤ ሦስተኛው ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አሥራ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ ምእመኑ "ደጋሚው" ይለዋል፣ ክፍል እንደ ወደቀ ተማሪ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ስሙ ልክክ ስላለለት ነው።

የመጨረሻው ውድቀት ግን ለቀልድም አልተመቸም። በሴት ልጁ ትምህርት ቤት፣ በወላጆች ቀን፣ እየተንገዳገደ ገብቶ የጓደኞቿ እግር ሥር ተዘረረ። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አባዬ" ብላው አታውቅም፤ የምትፈልገው ነገር ሲኖር ለእናቷ ትነግራለች፣ እናቷ ለሱ ታስተላልፋለች። ዛሬም ከሱ ጋር አልሄድም ብላ ቤት ቀርታለች።

ጠዋት የአዲስ አማኞችን መዝገብ የሚይዙትን ሽማግሌ በር ላይ ጠብቆ፣ እንደገና ወደ ፊት መውጣት እንደሚፈልግ ነግሯቸው ነበር። ሽማግሌው ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርገው፣ መጀመሪያ ስድስት ወር ሳይጠጣ ቆይቶ እንዲያሳያቸው፣ እስከዚያው ቤተ ክርስቲያኑን የሰው መሳቂያ ባያደርገው እንደሚሻል ነገሩት። ሚስቱ ይህን ሰምታ እፎይ አለች። በያጁ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ስድስት ወር በራሱ ጉልበት መቆየት ቢችል ኖሮ ምን ያስመጣው ነበር?

ሰባኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኢየሱስ የሚጠራው የደከመውንና ሸክም የከበደበትን ነው አለ። በያጁ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ሰባኪው "ለመጀመሪያ ጊዜ የደከመውን ብቻ" አላለም።

"ልቀቂኝ" አላት።

"አታዋርደኝ። የለመደች ጦጣ እያሉ ሲስቁብህ የምሰማው እኔ ነኝ። ቤት ገብተህ ጸልይ፣ ማን ከለከለህ?"

"ቤት ሞክሬዋለሁ። ከዚህ ወንበር ተነሥቼ የምሄድበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ወደዚያ ነው፣ ሌላው ወደ መጠጥ ቤቱ።"

አልለቀቀችውም። እሱም አልታገላትም፤ አንዱን እጁን፣ ቀጥሎ ሌላውን ከእጅጌው አወጣና ኮቱን እጇ ላይ ትቶላት ሄደ። የሸሚዙን ጀርባ የብየዳ ፍንጣሪ ወንፊት አድርጎታል፤ ኮቱን የደረበውም ያንን ለመሸፈን ነበር። ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ተሰማ። አንዱ "ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ" አለ። በያጁ እስከ ጆሮው ድረስ በኀፍረት ጋለ፤ እግሩን ግን አላቆመም።

ፊት ሲደርስ ሽማግሌው መዝገቡን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙ።

"ወንድሜ፣ ጠዋት ተነጋግረን አልነበረም እንዴ? ይህ ለአዲስ ሰው ነው። ያንተ ስም ሦስት ቦታ ላይ አለ።"

"ካልፈለጉ አይጻፉኝ" አለ በያጁ። "ወደ ቦታዬ ግን አልመለስም። የጠሩኝ እርስዎ አይደሉም።"

ሽማግሌው ሰባኪው አንድ ነገር ይል እንደሆነ ዞረው አዩ። ሰባኪው ግን ጸሎቱን ጀምሮ፣ የወጡትን ከእርሱ ቀጥለው እንዲሉ እያደረገ ነበር። በያጁ ጸሎቱን በቃሉ ያውቀዋል። ኃጢአተኛ ነኝ አለ፤ ተቀበለኝ አለ። ከዚያ ሦስቱንም ጊዜ ከሁሉም በላይ ጮኾ የማለበት ቦታ ደረሰ።

"ከዛሬ ጀምሮ ወደ ኋላ አልመለስም" አለ ሰባኪው።

ወጣቶቹ አሉት። አሮጊቷም አሉት። በያጁ ዝም አለ።

"ምነው?" አሉት ሽማግሌው ጠጋ ብለው። "እዚህ ድረስ መጥተህ?"

"ሦስት ጊዜ ዋሽቼዋለሁ። አራተኛ አልዋሸውም።"

ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና፣ ሚስቱ እስከ ተቀመጠችበት ድረስ በሚሰማ ድምፅ የራሱን ጸለየ።

"ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አልጠጣም። ነገ ብወድቅ ደግሞ፣ ከወደቅሁበት ተነሥቼ የምመጣው ወደ አንተ ነው።"