የኳየር መሪው ትንፋሽ

ሕዝቅያስ ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምስ የሦስት ቀን ጾም ጸሎቱን ቅዳሜ ጨርሶ ሲወጣ፣ በአጥቢያው ቢሮ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ይጠብቁት ነበር። ክሱ አንድ ነው፤ የኳየር መሪው ይጠጣል። ባለፈው እሁድ የአንድን መዝሙር አዝማች ስምንት ጊዜ ካስደጋገመ በኋላ ማይክሮፎኑን እንዳቀፈ ወድቋል። አፉም መጠጥ መጠጥ ይሸት ነበር።

"ንፋ" አለው አንደኛው ሽማግሌ ካሳሁን። ካሳሁን በሥራው ትራፊክ ፖሊስ ስለሆነ የትንፋሽ መመርመሪያውን ይዞ መጥቷል።

ነፋ። ዜሮ።

"ተመስገን" አሉ ሰብሳቢው ጋሽ አምሳሉ። "ሦስት ቀን ከመጠጥ ብትርቅ ይኸው ጸዳህ። ነገ ጉባኤ ፊት ንስሐ ግባ።"

"ያልጠጣሁትን ምን ብዬ ልናዘዝ፣ ጋሼ?"

"እንግዲያው ስምህ ይነበባል። ከኅብረት ትታገዳለህ።"

አሥራ አራት ዓመት የመራው ኳየር ነው። ሕዝቅያስ ሚስቱ ሐዳሳ ያን ዕለት ጠዋት ከሐኪም የተቀበለችለትን ወረቀት አወጣ። የወሰደው አንቲባዮቲክ የአንጀቱን ባክቴሪያ ጠርጎ እርሾውን ብቻውን አስቀርቶታል፤ እርሾውም ዳቦና ስኳር ሲያገኝ ወደ አልኮል ይለውጠዋል ይላል።

"ሆዱ ውስጥ ጠላ ቤት ተከፍቷል ነው የሚለው?" አለ ካሳሁን።

"ጾሙ እርሾውን አስርቦት ነው መሣሪያው ዜሮ ያለው" አለ ሕዝቅያስ። "ፈትሹኝ፣ በሩን ቆልፉና አብሉኝ።"

ፈተሹት። ስድስት ዳቦና ሁለት ለስላሳ ተገዛ። ጋሽ አምሳሉ ለስላሳውን ካሸተቱ በኋላ ማዕዱን ባረኩ።

በልቶ ከጨረሰ አንድ ሰዓት ሆነው። ዜሮ። ሕዝቅያስ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሰክር ጸለየ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ጋሽ አምሳሉ ብዕር አንሥተው የእገዳውን ማስታወቂያ መጻፍ ጀመሩ፤ ስሙን ሲጽፉ እያየ ላብ አጠመቀው።

ከዚያ ሕዝቅያስ ያለምክንያት ሳቀ።

"ንፋ።" ካሳሁን ቁጥሩን አየና መሣሪያውን መታ መታ አደረገ። ራሱ ነፋበት፤ ዜሮ። መልሶ ሕዝቅያስን አስነፋው። "መንገድ ላይ ባገኘው መንጃ ፈቃዱን እቀማው ነበር" አለ።

"ጋሽ አምሳሉ" አለ ሕዝቅያስ ምላሱ እየተሳሰረ፣ "እወድዎታለሁ። ሲዘምሩ ግን ቃና ይስታሉ።"

ጋሽ አምሳሉ ማስታወቂያውን ቀደዱት። በሩን ሊከፍቱ ተነሡ፤ ደጅ ለልምምድ የተሰበሰበውን ኳየር ድምፅ ሲሰሙ ተመልሰው ተቀመጡ።

"እስኪበርድለት ማንም አይወጣም" አሉ። "ነገ ጉባኤ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ያን ወረቀት አምጣው፣ ደግሜ ላንብበው።"