«ኩ» እና «ን»

በእኛ ወርክሾፕ እግር ይሠራል። እግሩን ያጣ ሰው ይመጣል፤ የቀረው በጄሶ ተጠቅልሎ ቅርጹ ይወሰዳል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቆሞ ይሄዳል። አንዳንዱ መርቆን፣ አንዳንዱ ደግሞ በአዲሱ እግሬ ጫማው ጠበበኝ ብሎ ተቆጥቶ። እኔ የምሠራው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ማስታወቂያ የምጽፈውም እኔው ነኝ።

ጄሶ የምንላት ባለሙያ አለችን፤ እጇ ነጭ ያልሆነ ቀን ያመማት ይመስለናል። አራት ዓመት ለፍታ፣ ልጅ ሲያድግ አብሮት የሚረዝም ጉልበት ሠራች። የሙያ ማኅበሩም ሸለማት። አብሮ የመጣው ደብዳቤ ማስታወቂያ አውጥታ አንድ ቅጂ እንድትልክ ይጠይቃል፤ በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ቆሞ ሥራውን የሚያሳየው በማስታወቂያው ስሙ የተጠቀሰው ሰው ነው።

ጄሶና እኔ ረቂቋን ይዘን ኃላፊው ዘንድ ገባን። እንዲህ ይላል፦ «ለልጆች በሠራሁት ጉልበት ተሸለምኩ። ስሳሳት የታገሱኝን ባልደረቦቼን አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የሞከረችው ልጅ ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው ሳቀች፤ ሽልማቱ የደረሰኝ ያን ቀን ነው።» ከሥሩ ስሟ።

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እህቴ፣ ግሩም ነው። ይቺ ‹ኩ› ብቻ...»

«የቷ ‹ኩ›?»

«‹ተሸለምኩ› ላይ ያለችው። ትጮኻለች። ‹ን› አድርጊያት።»

«‹ተሸለምን›?»

«አየሽ! ትሕትና አላት።»

«እነማን ነን የተሸለምነው?»

«ሁላችንም ነና! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ድሩን ያደራሁት እኔ፣ ከታሰረው አንበሳ ጋር ፎቶ የሚነሱት እርስዎ።»

እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ጣሪያው እንደነበረ ነው።

«ስምሽንም አውጪው» አሉ ኃላፊው፣ ድምፃቸውን እንደ ሐኪም ዝቅ አድርገው። «ጉራ ይመስላል፤ ሰው አፍ ውስጥ ትገቢያለሽ። የእኔ ስም ይበቃል። ጉባኤውንም እኔ እወጣዋለሁ።»

«ጉልበቱ እንዴት እንደሚረዝም ያውቃሉ?»

«በመንገድ ላይ ታስረጂኛለሽ። በስልክ።»

ጄሶ ወጥታ ሞረዷን አነሳች፤ የሞረደችው ነገር ምን እንደነበረ እንጃ፣ ስትጨርስ አልነበረም። ከዚያ ግምጃ ቤቴ በር ላይ ቆመች።

«አንተ፣ ያ የምድጃው ማስታወቂያ አለ?»

አለ። ወረቀት አልጥልም። ከሁለት ዓመት በፊት ፕላስቲክ የምናለሰልስበት ምድጃ ሙቀት መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ አንድ ሙሉ ጥቅል ፕላስቲክ ተቃጠለ። ጄሶ መበላሸቱን ሁለቴ አመልክታ ነበር። ኃላፊው ግን ማስታወቂያ አስጻፉ፦ «ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነው፤ ሌላ ማንንም አይመለከትም።» ስሟ ከላይ ተጽፎ። አንድ ወር ሙሉ ግድግዳ ላይ ዋለ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። «ብቻ» የሚለውን ያሰመርኩበትም እኔ ነኝ፤ አስምርበት ስላሉኝ።

ወረቀቱን ይዛ ተመልሳ ገባች፤ «ብቻ» ሥር ያሰመርኩትን መስመር አይቼ እኔም ተከተልኳት።

«ይሄ ሲለጠፍ ‹ን› የት ሄዳ ነበር?»

«ያ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ሲቃጠል አቃጠለች፣ ሲሸለም ተሸለምን! ያን ወር ሙሉ ከግድግዳው ሥር ምሳዬን ስበላ ትሕትና ያስተማረኝ ሰው የለም። ጉልበት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጉልበተኛው እርስዎ!»

ኃላፊው ደማቸው ፈላ፤ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ! ‹ተሸለምን› ብለህ፣ በእኔ ስም፣ ነገ ጠዋት ለጥፍ!»

«እሺ ጌታዬ» አልኩ። እሺ ማለት ልማዴ ነው።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ተሸለም» ድረስ እጄ ደህና ነበር። እዚያ ስደርስ ያቺ የ«ብቻ» መስመር ታየችኝ፤ በማስመሪያ፣ ቀጥ ያለች፣ የምኮራባት። ተናደድኩ፤ መጀመሪያ በእሳቸው፣ ከዚያ በማስመሪያው። «ኩ»ን ከሌሎቹ ፊደላት እጥፍ አድርጌ ጻፍኳት። ስሟን ከሥር። አሰመርኩበት። አንዱን ቅጂ ጄሶ ራሷ ወስዳ ለማኅበሩ አስረከበች። ሌላውን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ የምድጃውንም ማስታወቂያ ከጄሶ ተቀብዬ ከጎኑ መልሼ ለጠፍኩት።

ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ከግድግዳው ፊት ቆሞ ሁለቱን እያስተያየ ያነባል። ኃላፊው ደረሱ። አነበቡ። አንገታቸው ቀላ።

«ማነው ይሄን የለጠፈው?»

ጄሶ አፏን ልትከፍት ነው። እኔ ደግሞ «ተለጠፈ» የምትል፣ ባለቤት የሌላት ደህና ቃል ምላሴ ላይ ነበረች፤ «ለጠፍን» የምትልም ነበረች። ሁለቱንም ዋጥኳቸው።

«ለጠፍኩ» አልኩ።