ደንበኛ የሆንኩበት ቀን

ፀጉር ቤቱ የጋሽ ነገ ነው፤ ቆራጩ ግን እኔ ነኝ። ስሙን ያወጣሁላቸውም እኔው ነኝ። "ጋሼ፣ ያስመዝግቡኝ እንጂ፣ ሕግ እኮ ነው" ባልኳቸው ቁጥር መልሳቸው "ነገ" ነዋ። የእጮኛዬ አባት ደግሞ ቁርጡን ነግረውኛል። "አሠሪህ ሠራተኛዬ ነው ብሎ ያላስመዘገበህን፣ እኔ አማቼ ነው ልበልህ?" አሉ። ቅዳሜ የሥራ ማስረጃ ይዤ ካልቀረብኩ ነገሩ አከተመ።

ሐሙስ ጠዋት የሥራ ተቆጣጣሪዋ ከማዶው ዳቦ ቤት ወጥታ ወደኛ ስትመጣ ጋሼ ክው አሉ። ያልተመዘገበ ሠራተኛ የተገኘበት ቅጣቱ ወገብ እንደሚሰብር ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ክንዴን ይዘው ወንበሩ ላይ ወረወሩኝና ፎጣ አንገቴ ላይ ጠመጠሙ።

"ደንበኛ ነህ። ትንፍሽ እንዳትል።"

ሴትዮዋ ገብታ ሰላምታ ሰጠችና፣ "ሥራዎን ይጨርሱ፣ እጠብቃለሁ" ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ጉድ የፈላው ይሄኔ ነው። ጋሼ ማሽን ከጨበጡ ስንት ዘመናቸው። ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ አንድ ሰፊ መንገድ ቀደዱልኝ። መስታወቱ ውስጥ አየሁት።

"ማሽኑን ቀና ያድርጉት" አልኩ በጥርሴ መሀል።

"ደንበኛ ሥራዬን አያስተምረኝም" አሉ ጮክ ብለው።

በዚህ ጭንቅላት እንኳን ማስረጃ፣ መንግሥተ ሰማያት ይዤ ብሄድ የእጮኛዬ አባት በራቸውን አይከፍቱልኝም።

ጋሼ ላብ እያጠመቃቸው "ጨረስኩ" አሉ። የግራው ጎን ገና አልተነካም።

"ደንበኛው አይከፍልም እንዴ?" አለች ተቆጣጣሪዋ።

ጋሼ ጎሸም አደረጉኝ። "ክፈል እንጂ የኔ ልጅ።"

ሁሉን ችዬ ይህቺን አልቻልኩም። "ለዚህማ ሰባራ ሳንቲም አልከፍልም። እህቴ፣ እኔ ደንበኛ አይደለሁም፤ የዚህ ቤት ቆራጭ ነኝ። ሰውን ደግሞ እንዲህ አድርጌ ቆርጬ አላውቅም።"

የእንጀራ ገመዴን በገዛ አፌ በጠስኩ።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አወጣች። "መቼ ቀጠሩት? ዛሬ ከሆነ ለማስመዝገብ ጊዜ አለዎት፣ አይቀጡም። የቆየ ከሆነ ግን ቅጣቱ በቆየበት ልክ ይጨምራል።"

መውጫውን እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። "ዛሬ" ካሉ እሳቸው ዳኑ፤ እኔ ግን ዛሬ ሥራ የጀመርኩ ሰው ልሆን ነው። ያፈሰስኩትን ላብ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ማስረጃውን የሚያነቡት የእጮኛዬ አባትም ገና ጀማሪ ነህ ብለው ሊመልሱኝ ነው።

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዓይናቸው መስታወቱ ውስጥ ጭንቅላቴ ላይ አረፈ። ብዙ አዩት።

"አራት ዓመቱ ነው" አሉ።

"ቅጣቱ እንደሚጨምር ነግሬዎታለሁ።"

"ሰምቻለሁ ልጄ" አሉ፣ የቀረውን ፀጉሬን በእጃቸው እየዳበሱ። "ግን ምን እንዳደረግኩት አየሽ አይደል?"