ተራዬን ያልጠበቅሁበት ኢድ

አስረኛ ክፍልን አልጨረስኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ሹክ ከሚላችሁ ከእኔው ብትሰሙት ስለሚሻለኝ ነው። ኮምፒውተርም እንግሊዝኛም ያስተማረኝ የለም፤ ራሴን ነው ያስተማርኩት። ዛሬ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ባለ ዲግሪዎቹ ማመልከቻ የሚያጽፉት እኔ ዘንድ ነው። ፊደል ሲገድፉ አርማለሁ፤ እግረ መንገዴንም እሰድባቸዋለሁ።

እንግሊዝኛውን የለቀምኩት ከአንድ የኦንላይን ጨዋታ ነው። ስሙ ረጅም ስለነበር እኛ «ግንቡ» እንለው ነበር። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ግንብ ይሠራል፣ እንጨትና ድንጋይ ያከማቻል፣ ከሌላ አገር የመጣ ደግሞ ይዘርፈዋል። ከዝርፊያ የሚያድነው ጋሻ የሚባል ነገር ነው፤ እሱም በየአራት ሰዓቱ ካልታደሰ ይወድቃል። ብቻውን የሚጫወት ሰው ዕረፍት የለውም። እኛ ግን ከፍኖተ ሰላም፣ ከጅጋና ከቡሬ አሥራ ሁለት ሆነን ማኅበር መሠረትን፤ የጋራ ጎተራም አበጀን። አለቃችንንም እንደ ጽዋ ማኅበር «ሙሴ» አልነው።

ማኅበራችንን ማንም የማይደፍረው በአንድ ነገር ነበር። የሌላ አገር ቡድኖች በዓል ሲመጣ ሁሉም ባንድ ቀን ይጠፋሉ፤ ያኔ ይዘረፋሉ። እኛ ዘንድ በፋሲካና በገና የቡሬዎቹ ሙስሊሞች፣ ማህዲና እህቱ፣ የሁላችንን ጋሻ ሲያድሱ ይውላሉ። በኢድና በአረፋ ደግሞ ተራው የእኛ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ፋሲካ ሊገባ ሲል ሙሴ መረጥን። እኔ እመረጣለሁ ብዬ ነበር። ስልቱን የማወጣው እኔ፣ እንግሊዝኛውን የምተረጉመው እኔ። የተመረጠው ግን ማህዲ ሆነ። «ያምሮት ጎበዝ ናት፤ ግን ምላሷ ይፈጃል» ብሎ የጻፈው የጅጋው ወንዳወቅ ነው። ሳቅሁ። ማህዲን ግን እንኳን ደስ አለህ አላልኩትም።

በፋሲካ ማህዲ ቀኑን ሙሉ ተጥዶ ሲጠብቅልን ዋለ። ከሳምንት በኋላ ኢድ ደረሰ። የኢድ ቀን በጨረቃ ስለሆነ የሚታወቀው በዋዜማው ነው። ጨረቃ እንደታየች ማህዲ ጻፈልኝ፦ «ነገ ነው። የጋራው ጎተራ ተራ ያንቺ ነው፣ አደራ።» አነበብኩት። «ሙሴ እሱ፣ ዘበኛ እኔ?» አልኩና ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩ። ደግሞ ቢለምነኝ እነሳ ነበር። አልለመነኝም። አደራ ያለ ሰው ለምን ይለምናል?

በማግስቱ ረፋድ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ሁለት ዓመት ያጠራቀመው ተጠርጎ ሄደ። ወንዳወቅ «ተራው የማን ነበር?» ብሎ ሲጮህ፣ «ለእኔ የደረሰኝ መልእክት የለም። ሙሴያችሁ ጎተራውን ክፍት ጥሎ በዓሉን ሊያከብር ሄደ» ብዬ ጻፍኩ። ማህዲ ማንበቡን አየሁ። ሁለት ቀን ሳይሞላ አባረርነው፤ ይባረር ብሎ መጀመሪያ ድምፅ የሰጠው ሰው እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩም ብዙ አልቆየ። እኔ ሱቅ ከፈትኩ፣ ኔትም ጠፋ፣ ረስቼዋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ባለፈው ወር ግን በኢሜይል ማስታወቂያ መጣ፦ ጨዋታው ተጫዋች ስላነሰው በወሩ የመጨረሻ ሰኞ ይዘጋል፤ መሰናበት የሚፈልግ ይግባ። ደንበኛ ባልነበረበት ሰዓት ገባሁ። የጠበቅሁት አመድ ነበር። ግንቤ ግን ቆሟል፤ ባንዲራው እንኳ አልወረደም።

መዝገቡን ከፈትኩ። «ጋሻ ታድሷል፤ ጠባቂ፦ ማህዲ» ይላል። ወደ ታች ወረድኩ። ማህዲ። ማህዲ። ማህዲ። በራሱ ድንጋይ የሚገዛውን ውዱን የወር ጋሻ ነበር የሚጭንልኝ። ኔት በጠፋበት ጊዜ እንኳ በየወሩ ስሙ አለ፤ ለእናቱ ሱቅ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲሄድ መሆኑ ነው። ጨዋታው እያንዳንዱ ሰው አንድ ጠባቂ እንዲሾም ይፈቅዳል፤ እኔም ድሮ ማህዲን ሾሜ ነበር። ከማኅበር ያስባረርኩትን ሰው ከራሴ ግንብ መሻር ረስቼ ኖሯል።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ቡሬ ሄድኩ። ያን መልእክት አንብቤው እንደነበር በአፌ ልነግረው ነው።

እናቱ እትዬ ኡምሀኒ ጨርቅ መሸጫቸው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን ልስጥሽ ልጄ?»

«ማህዲን ነበር፣ እትዬ።»

«እሱ አይሸጥም» ብለው ሳቁ። «የሚገዛኝ ባገኝማ እስካሁን በተገላገልኩ! ማህዲ! ሰው ይፈልግሃል።»

ጣቃ ተሸክሞ ከጓዳ ወጣ። ጢም አብቅሏል።

«ያምሮት። እንዴት ነሽ? ቤተሰብ ደህና ነው? ሥራ እንዴት ነው?» አለኝ፣ ልክ እንደ ደንበኛ። ድሮ ቢሆን «አንቺ እሳት፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታነጂ ነው?» ነበር የሚለኝ።

«ግንቤን አየሁት።»

«እ።»

«ለምን ጠበቅክልኝ?»

«ጠባቂው እኔ፤ አንቺም አልሻርሽኝ።» ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «መጀመሪያ የምትመለሺ መስሎኝ ነው። ኋላ ለመደብኝ።»

«ማህዲ፣ የኢድ ዋዜማ መልእክትህ ደርሶኝ ነበር። አንብቤዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት አወቅክ?»

«ከሥሩ ‹ተነብቧል› ይላል እኮ። ይህንንም ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን አላሳየሃቸውም?» አልኩ።

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ሳምንት ጠበቅሁ። ወር ጠበቅሁ። ከዚያ ተውኩት።»

«ስደበኝ እንጂ!»

«ምን ብዬ?» ቀና ብሎ አየኝ። «የነገርሽኝ የማውቀውን ነው። የማያውቀው ወንዳወቅ ነው። አባቶቻችን ስንት ዘመን አብረው የነገዱ ሰዎች ናቸው። ጅጋ ገበያ ስወጣ እሱ ዛሬም ፊቱን አዙሮብኝ ነው የሚያልፈው።»

እትዬ ኡምሀኒ «ሻይ ሳትጠጪ እንዳትሄጂ» አሉኝ። ሄድኩ።

ጨዋታው በሚዘጋበት ሰኞ ጅጋ ነበርኩ። ወንዳወቅ ስልክ ይጠግናል፤ ከፊቱ ሁለት ደንበኞች ተቀምጠዋል። እነሱ እየሰሙ ሁሉንም ነገርኩት፦ መልእክቱን፣ ማንበቤን፣ መዋሸቴን። ብሎን መፍቻውን እንደያዘ ቀረ።

«ለጨዋታ ብለሽ ነው እስከዚህ የመጣሽው?»

«ለማህዲ ብዬ ነው። ተነስ፣ ቡሬ እንሂድ።»

«ሄጄ ምን ልለው? አራት ዓመት ሰላምታ ነፍጌው፣ አሁን የትኛውን ፊቴን ይዤ ልሂድ?»

«ያለህ ያው አንድ ነው፤ ቢያስጠላም እሱኑ ይዘህ ና!»

ደንበኞቹ ሳቁ። ወንዳወቅ አልሳቀም። ጆሮው ቀላ፤ ወደሚጠግነው ስልክ አቀረቀረ። አፌን በእጄ ብይዘውም ቃሉ ወጥቶ አልቋል።

«ወንዳወቅ» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «እባክህ።»

ብሎን መፍቻውን ወደ ስልኩ መለሰ።

ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። የሚኒባስ ረዳት «ቡሬ! ቡሬ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል። ወደ ሱቁ በር ዞሬ አየሁ። «እህት፣ ትሄጃለሽ?» አለኝ ረዳቱ። «ሰው እየጠበቅሁ ነው» አልኩት። ትቶኝ ሄደ። ሌላ መጣ፤ እሱም ሞልቶ ሄደ። ከበሩ የወጡት ሁለቱ ደንበኞች ብቻ ናቸው። እኔ ግን ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም፤ አሁን የመጠበቁ ተራ የእኔ ነው።