ንጹሑ ካርድ

ታላቅየዋ ፖስታውን ከፍታ የታናሽ እህቷን ካርድ ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው። ካርዱ እንከን የለውም።

ታናሿ ግራኝ ናት። በየዓመቱ ለታላቋ ልደት ካርድ ትሠራለች፤ አበባውን በማኅተም ትመታና በውሃ ቀለም ማርከር ትቀባዋለች፤ ግራ መዳፏ ከኋላ እየተከተለ ያልደረቀውን ይጠርገዋል። እናታቸው "ይቺ ልጅ በክርኗ ነው እንዴ የምትሥለው?" ትል ነበር። ካገባች ወዲህም ያልተጨማለቀ ካርድ ልካ አታውቅም። የዘንድሮው ግን የማተሚያ ቤት ሥራ ይመስል ጥንቅቅ ብሏል።

ለታናሿ ደወለች። ያነሳው እንደ ሰሞኑ ሁሉ ባልየው ነው።

"እትዬ፣ እንኳን ተወለድሽ። ካርዱ ደረሰሽ?"

"ደርሶኛል። እስቲ አገናኘኝ፣ ላመስግናት።"

"ተኝታለች።"

"በጠራራ ፀሐይ?"

"ካርዱ አድክሟት ነዋ" አለና ሳቀ። "እኔው አጠገቧ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው የሠራችው።"

"ጎበዝ ሆናለች። መዳፏ ዝር አላለበትም።"

ከወዲያ የማርከር ክዳን ቀጭ ብሎ ሲገጠም ተሰማ።

"አይዞሽ እትዬ" አለ ባልየው፣ "የከርሞውም ተሠርቶ አልቋል።"

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ በእግሯ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።